የጁነይድ ባሕር

ይድረስ ለወንድሜ ለጁነይድ ሳልህ፣ ካለህበት ጅቡቲ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንዴት ከርመሃል ወንድሜ? ጤናህስ? በሄድክ ሰሞን ገላህ ላይ የወጣብህ ሽፍታ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ያሳክክሃል? ምግቡን ለመድከው? እንቅልፍስ በዚያ ሙቀት እንደ ልብ ታገኛለህ? ሮቢት ተቀምጬ ስለ ሙቀት ስጠይቅህ ትስቅብኝ ይሆናል፤ ግን ከእናንተ ዘንድ የሚመጣው ሾፌር ሁሉ የሮቢት ሙቀት ከጅቡቲው ጋር ሲተያይ ደጋ ነው እያለ ያስፈራራናል። አብረውህ የሚያድሩት ልጆችስ እንዴት ናቸው? የአላህ ሰላም በሁላችሁም ላይ ይሁን።

እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። እማዬን ደመና በመጣ ቁጥር ያው ጉልበቷን ይጠዘጥዛታል፤ ከዚያ ውጪ ደህና ናት። ልጄ ሒክማ አራተኛ ክፍልን ጨርሳ ወደ አምስተኛ ተዛውራለች። ላሚቱም ወልዳ ወተት አላጣንም። አባባም ጤነኛ ናቸው። ጤነኛ ናቸው አልኩ እንጂ ደህና ናቸው አላልኩም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በእሳቸው የተነሳ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ከእሳቸው ይልቅ በአንተ የተነሳ ነው። ቆሽቴ አሯል ጁነይድ። ሰላምታዬን በደንብ ሳልጨርስ ወደ ነገሩ ብገባ አትቀየመኝ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትል። ስልኩ ያለው አባባ ኪስ ውስጥ ነው። በደወልክ ቁጥር ድምፁን ጮክ የሚያደርገውን ተጭነው መዳፋቸው ላይ ያስቀምጡትና በአካባቢው ያለ ሰው ሁሉ ከብቦ ይሰማል። እኔ ለአንተ ብቻ የምለው ነገር በዚያ ሁሉ ጆሮ ፊት እንዴት ይባላል? ባለፈው የጎረቤታችንን የታከለን ስልክ ለምኜ ደወልኩልህ። አነሳህ፤ የመኪና ጩኸት ሰማሁ፤ ከዚያ «እትዬ ሙሀባ፣ ኋላ እደውላለሁ» ብለህ ዘጋህ። ቃልህን ጠብቀህ ኋላ ደወልክ፤ ለአባባ። የታከለ ንብረት ባይሆን ኖሮ ያን ስልክ ድንጋይ ላይ እፈጠፍጠው ነበር። ስለዚህ ይኸው ጻፍኩ። ደብዳቤውን የሚያመጣልህ የሰፈራችን ልጅ ሾፌሩ አብዱሰላም ነው፤ ሰኞ ይነሳል። ከአንተ እጅ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ አደራ ብዬዋለሁ። አንተም እስከ መጨረሻው ሳታነብ ስልክህን እንዳትነካ።

ነገሩ የተጀመረው በግንቦት ነው። ማህሌት የምትባል የግብርና ባለሙያ ወደ ቀበሌያችን ተመድባለች፤ የደብረ ሲና ልጅ ናት፣ አንተ ከሄድክ በኋላ ስለመጣች አታውቃትም። ገበሬውን ሾላው ስር ሰብስባ ስለ ክረምቱ ትምህርት ሰጠች። ዝናባችሁ የሚወለደው ከራሳችሁ በላይ ካለው ሰማይ አይደለም፣ ከባሕር ነው አለች። ፀሐይ ባሕሩን ታሞቀዋለች፣ ውሃው እንፋሎት ሆኖ ይነሳል፣ ነፋስ ተሸክሞት ስንት አገር አቋርጦ ይመጣና የጣርማ በር ተራራ ሲያግደው ወደ ላይ ይወጣል፣ እዚያ ብርዱ ያገኘዋል፣ ዝናብ ሆኖ ይወርዳል። ደግሞም ባሕር እንደ መሬት አይደለም አለች። የሮቢ ወንዝ አሸዋ ቀትር ላይ እግር ያቃጥላል፣ ፀሐይ ስትገባ ይቀዘቅዛል፤ ባሕር ግን አንዴ የያዘውን ሙቀት ወራት ሙሉ አይለቅም፤ ስለዚህ ዛሬ የሞቀ ባሕር በሚቀጥለው ወቅት ነፋስ ላይ ያዝዛል። በጣም ሩቅ ያለው ትልቁ ባሕር ከልክ በላይ ሲሞቅ ነፋሱ መንገዱን ይስትና የኛ ክረምት ይሳሳል። ቅርባችን ያለው የሕንድ ውቅያኖስ በኛ በኩል ሲሞቅ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ዝናቡ በአጨዳ ወቅት ሳይቀር ይመጣብናል።

አባባ ከፊት ተቀምጠው ነበር። እጃቸውን አውጥተው የዚያ የሩቁ ባሕር ስም ማን ይባላል ብለው ጠየቁ። ማህሌትም ሰላማዊ ውቅያኖስ ይባላል አለች። አባባ ትንሽ አሰቡና፣ ሰላማዊ ከሆነ እኛን ምን አድርጉ ብሎ ነው ታዲያ አሉ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር፤ እስኪመሽ ድረስ ስሙና ሥራው አይገናኝም እያሉ ሲብሰለሰሉ ዋሉ። በዚህ መሀል የቅርቡን ባሕር ነገር አልሰሙትም። ማህሌት በመጨረሻ፣ ዘንድሮ ሩቁ ባሕር ሞቋል የሚል ወሬ እስካሁን የለም ብላ መናገሯንም አልሰሙም። ከዚያ ሁሉ ትምህርት አንጠልጥለው የመጡት አንዲት ነገር ብቻ ነው። ባሕር ከሞቀ ክረምት የለም።

እኔ ነገሩ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽህም። በቆርቆሯችን ላይ የሚወርደው ውሃ አንድ ጊዜ አንተ እግር ስር የነበረ ነው ብዬ ሳስብ የሄድክበት አገር ቀረበኝ። ዝናብ ባካፋ ቁጥር ሒክማን፣ አጎትሽ እጁን የታጠበበት ውሃ መጣ እላት ነበር፤ እሷም ወጥታ እጇን ትዘረጋለታለች። ይህን የምነግርህ ኋላ ምን ያህል እንደበገንኩ እንድታውቅልኝ ነው።

ከዚያ ዐረፋ መጣ። ዒዱን ሰግደን በልተን ጠጥተን ቤቱ በሰው ሞልቶ ሳለ ደወልክ። አባባ ገና ሰላምታህን ሳይቀበሉ ባሕሩ እንዴት ነው አሉህ። አንተም እንደ ቀላል ነገር «አባባ፣ ባሕሩንማ ተዉት፣ እንደ ሻይ ሞቋል፣ እግር አያስገባም» አልክ። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ወደ አባባ ዞረ። አንተ ይህን አላየህም፤ ስለ በጉ ጠየቅክ፣ እማዬን አስቀህ ዘጋህ። አባባ ስልኩን ኪሳቸው ከተው እንግዳውን ሁሉ ዞር ዞር ብለው አዩና ሰማችሁ አሉ።

በማግስቱ የዘንድሮ እርሻ ተገለበጠ። የላይኛው ማሳ ይደር ተባለ። የማሾው ዘር በሙሉ ወንዙ ዳር ወዳለው ደለል መሬት ወረደ፤ ያንን አንተም ታውቀዋለህ፣ በበጋ ብቻ ሽንኩርት የምናለማበት፣ ሰኔ ሲገባ ደግሞ ለወንዙ የምንለቅለት ነው። የአባባ ሒሳብ እንዲህ ነው። ባሕር ሞቋል፣ ስለዚህ ክረምት የለም፤ ክረምት ከሌለ ደራሽ ጎርፍ የለም፤ ደራሽ ከሌለ ወንዝ ዳር ያለ ሰው በሞተር ውሃ እየሳበ ይበላል፣ ላይ ያለ ሰው ይደርቃል። ሲናገሩት ለጆሮ የሚጥም ሒሳብ ነው። ሁለት ጎረቤቶቻችንም ተከትለዋቸው ወርደው ዘሩ።

ማህሌት ሰምታ እየሮጠች መጣች። ምስኪን፣ ያልለመነችው የለም። ጁነይድ ያለበት ባሕር እኔ ያልኳችሁ ባሕር አይደለም፣ ደግሞም የባሕር ሙቀት በአንድ ሰው እግር አይለካም አለች። የቅርቡ ባሕር ሞቆ ከሆነማ ጭራሽ ዝናብ ሊጨምር ይችላል አለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ደራሽ የሚመጣው እናንተ ጋ በጣለው ዝናብ አይደለም፣ እኛ ደብረ ሲናዎች ጋ በጣለው ነው አለች። አባባ በትዕግሥት አዳመጧትና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቋት፤ ለመሆኑ ባሕር አይተሽ ታውቂያለሽ? አላየሁም አለች። ልጄ ውስጡ ቆሟል አሉ። ነገሩ በዚያው ተዘጋ። እኔም ሞከርኩ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ። እማዬም ሞከረች፤ አንቺ ደግሞ ስለ ጉልበትሽ አውሪ ተባለች።

አንተስ ምን አደረግክ? በየጁምዓው እየደወልክ ጨመርክበት። ማታ እንኳ አይበርድም አልክ። እንፋሎት ይወጣዋል አልክ። አንድ ቀን ደግሞ ዓሣው ሁሉ ወደ ጥልቁ ሸሽቷል አልክ፤ እማዬ ለዓሣዎቹ አዝና ዋለች። አባባ እያንዳንዷን ቃል ይዘው ሾላው ስር ይወርዳሉ። ኋላ ሰዉ ሁሉ ለመዝራትም ለማረምም ደጃችን እየመጣ ጁነይድ ምን አለ ማለት ጀመረ። ልጁን የሚድር አንድ ሰው ለድንኳኑ ብሎ ባሕሩን አስጠይቆ ሄዷል። ስም እንኳ ወጣለት፣ የጁነይድ ባሕር። ቤታችን የሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ሆነ፤ እኔ ደግሞ የዚያ መሥሪያ ቤት ውሃ ቀጂ።

ሐምሌ ሲገባ ከሰዓት በኋላ በጣርማ በር በኩል ሰማዩ በየቀኑ ይጠቁር ጀመር። እኛ ጋ ጠብ የሚለው ትንሽ ነው። አባባ ወደ ደረቁ መሬት እያመለከቱ አያችሁ ይላሉ። እዚያ ላይ ያለው ጥቁር ነገርስ ምንድን ነው ስላቸው፣ እሱ የደብረ ሲና ነው ይሉኛል፤ የደብረ ሲና ውሃ አጥር ያለው ይመስል። ወላሂ ጁነይድ፣ ከእሳቸው ጋር ተከራክሬ ከምመለስ ድንጋይ ተሸክሜ ዳገት ብወጣ ይሻለኛል።

የሆነው ሆነ። አንድ ከሰዓት የውሃ ሞተሩ ወንዙ አሸዋ ውስጥ ተቀረቀረ። አባባ ለብቻቸው ገብተው ሲጎትቱ አልንቀሳቀስ አላቸውና ዳር ላይ ያሉትን ልጆች ደራሽ ጥሩልኝ አሉ፤ ታከለን ማለታቸው ነው። ታከለ ተጠራ። እሳቸውም ወገባቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። በኛ ሰማይ ላይ ደመና የሚባል የለም። እኔ ምሳ ዕቃ ላነሳ ወርጄ ከላይኛው ዳር ቆሜአለሁ። ድንገት ከላይ በኩል ያሉ ሰዎች «ደራሽ መጣ! ደራሽ መጣ!» እያሉ መጮህ ጀመሩ። አባባ ቀና እንኳ ሳይሉ እሰይ፣ በሉ ፈጠን በል በሉት አሉ። ልትስቅ ትችላለህ፤ አሁን ሳስበው እኔም ሳቄ ይመጣል። ያን ጊዜ ግን ነፍስ አልቀረልኝም። ውጡ እያልኩ እጮሃለሁ፤ እሳቸው ኑ አግዙኝ እያሉ በእጃቸው ይጠሩኛል። ውሃው ቡናማ ሆኖ ግንድ እየገፋ ሲመጣ ይታየኛል። ታከለ ደርሶ በብብታቸው አንጠልጥሎ አወጣቸው። ዳር ላይ ዞር ሲሉ ሞተሩ የለም። ሽርጣቸውም የለም። አባታችን በሸሚዝ ብቻ ቆመው ቀሩ።

ሰው ከሞት ሲተርፍ ይሳቃል አይደል? ተሳቀ። እሳቸውም ይስቁ ይሆናል ብዬ ነበር። ግን ከመሀል አንዱ፣ የጁነይድ ባሕር ሞቆ ሞቆ ገነፈለ እንዴ ብሎ ጣለበት። ያን ጊዜ ሳቁ ሌላ ሆነ። አባባ ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። የታከለን ነጠላ አገልድመው ቤት ገቡ፤ ሌላ ሽርጥ ለበሱ፤ የጠፍር አልጋቸውን ተሸክመው ወጡ። እማዬ ወዴት ነው እያለች እስከ ደጅ ተከተለቻቸው። ወንዙ ዳር፣ ውሃው ጠርጎት ከሄደው ማሾ አጠገብ ዳስ ቀልሰው አልጋቸውን ዘረጉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያድሩት እዚያ ነው። ልጄ ያለው ያው ነው፣ ያለፈው ውሃ የደብረ ሲና ትርፍራፊ ነው፣ ሁለተኛ አይመጣም ይላሉ። እነዚያ ተከትለዋቸው የዘሩት ጎረቤቶች እንኳ ማሳቸውን ትተው ወጥተዋል። እሳቸው ብቻቸውን ቀርተዋል።

ነሐሴ እየገባ ነው ጁነይድ። ነሐሴ ሮቢ ምን እንደሚመስል ለአንተ አልነግርህም። ደብረ ሲና በጠቆረ ቁጥር እማዬ እህል አይወርድላትም። ጎረቤት ሽማግሌ ላክን፤ ሽማግሌዎቹን ምርቃት ተቀብለው ሸኟቸው። ታከለ እንደዚያን ቀኑ ተሸክሜ ላውጣቸው አለ፤ ጤነኛ ሰው ከአልጋው በጉልበት ይነሳል ወይ? ግግም ብለዋል። እኔም አንድ ሰሞን እንግዲህ ይሁና፣ የራሳቸው ጉዳይ ብዬ ተውኩ። አልተውኩም እንጂ ለአፌ ያህል።

እንግዲህ ወደ አንተ ልምጣ። ከትናንት በስቲያ አብዱሰላም ከጉዞ ተመልሶ ሊጠይቃቸው ወንዙ ዳር ወረደ። እኔ ምሳቸውን ይዤ እዚያው ነበርኩ። አባባ እንደ ልማዳቸው የጁነይድ ባሕር እንዴት ነው አሉት። አብዱሰላም ክፋት የለበትም፣ ሳቀና፣ ጁነይድ ደግሞ ባሕር የት አግኝቶ አለ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የከባድ መኪና ማቆሚያ ውስጥ መኪና እንደምታጥብ፣ ከበርሜል እየቀዳህ ጎማ ጎማውን ስታሽ እንደምትውል፣ ወደ ባሕሩ ከሄድክ ዓመት ሊሞላህ እንደሆነ፣ ወደብ የሠራኸው የመጀመሪያዎቹን ወራት ብቻ እንደነበር ዘርዝሮ ተናገረ። እኔ የያዝኩትን እንጀራ አስቀምጬ ወደ እሱ ተጠጋሁ። አባባ ግን ምንም አልመሰላቸውም፤ አውቃለሁ፣ ራሱ ነግሮኛል ብለው ወሬ ለወጡ።

እንደ ሻይ ሞቋል ያልከው ምናልባት የበርሜሉ ውሃ ይሆናል። አንድ ቀበሌ ሙሉ በበርሜል ውሃ እርሻውን ገለበጠ ማለት ነው። ይህን ሳስብ አሁንም ጥርሴን እነክሳለሁ። መኪና ማጠብ ምን ያሳፍራል? ማን ጠየቀህ? እኛ ወደብ ነው የሚሠራ ብለን የኮራነው ስላንተ እንጂ ስለ ወደቡ መስሎሃል?

አብዱሰላም ከሄደ በኋላ አባባን አፋጠጥኳቸው። ጁነይድ ነግሮኛል ያሉት ውሸት መሆኑን አውቄ ነበር። አሸዋውን በጣታቸው እየጫሩ ሌላ ነገር ነገሩኝ። ከዐረፋ በኋላ በሁለተኛው ጁምዓ ስትደውል ባሕሩን አሰማኝ ብለውህ ነበር አሉ፤ ትዝ ይልህ ይሆናል። እሺ ብለህ ስልኩን ወደ ውጪ ዘረጋህላቸው። የሰሙት የከባድ መኪና ጥሩምባ ነው። ባሕር ጥሩምባ የለውም አሉኝ። ያን ጊዜ ግን ዘሩ ወርዷል፣ ሰው ተከትሏቸዋል፣ የአንተም ቃል በየአፉ ገብቷል። ታዲያ ለምን አልወጡም፣ ለምን እዚህ ያድራሉ አልኳቸው። እንዲህ አሉኝ፤ ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ፣ አንድም አልጨመርኩም። «ይሄ ልጅ ድሮ ሲደውል ደህና ነኝ ብሎ ለእናቱ ይሰጣት ነበር። ከእኔ ጋር የሚያወራው አልነበረውም፣ እኔም አልነበረኝ። ከባሕሩ ወዲህ ነው አባባ ብሎ ረጅም ማውራት የጀመረው። አሁን አልጋዬን ይዤ ብወጣ በሰው ፊት ልጄ ዋሽቷል ያልኩት እኔ ነኝ። እሱን ከምል ውሃው ቢወስደኝ ይሻለኛል።»

ተናደድኩም፣ አለቀስኩም፤ የቱ እንደቀደመ አላውቅም። ይህን ሁሉ ጊዜ ከግትርነታቸው ጋር የምጣላ መስሎኝ ነበር። ለአንድም ሰው ትንፍሽ እንዳልል አስጠነቀቁኝ፤ ለእማዬ እንኳ አልተናገርኩም። ለአንተ አትንገሪ ግን አላሉኝም፤ ረስተውት ይሁን አስበውበት አላህ ያውቃል።

እንግዲህ አንድ ነገር ላዝህ፣ ታላቅህ ነኝና። መጀመሪያ ባሕሩ ቀዝቅዟል በል ልልህ አስቤ ነበር። ቀላል ነው፤ አንድ ውሸት ትጨምርና አባባ አንገታቸውን ቀና አድርገው በዚያው ምሽት ይወጣሉ። ግን ለከርሞስ? ለከርሞም በአንተ እግር ልንዘራ ነው? ደግሞ እሳቸው ውሸት መሆኑን እያወቁ እሺ ብለው ሲወጡ ማየቱን እኔ አልችለውም። ስለዚህ በሚመጣው ጁምዓ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ሰዎቹ ሾላው ስር በሚሰበሰቡበት ሰዓት ደውል። እሳቸው ያን ጊዜ ለሶላት ወጥተው ከመሀላቸው ይቀመጣሉ፤ ስልኩንም እንደ ልማዳቸው ጮክ ያደርጉታል። ይሁን፤ ሁሉም ይስማ። በራስህ አንደበት ተናገር። ባሕር ውስጥ አልቆምኩም፣ የማጥበው መኪና ነው፣ ያንን ያወራሁት ከእርስዎ ጋር ወሬ እንዳይቋረጥብኝ ብዬ ነው በል። ከዚያ አባባ፣ ከወንዙ ይውጡልኝ በል። አንተ ራስህ ካልከው ልጄ ዋሽቷል ብለው የሚሉት እሳቸው አይሆኑም፤ የሚጠብቁት ይህን ብቻ ነው። አዎ፣ ይሳቅብሃል፤ አንድ ሳምንት፣ ምናልባት እስከ መስከረም ድረስ ይሳቅብሃል። እኔም እስቅብሃለሁ።

ወሬ ያልቅብኛል ብለህ ደግሞ አትፍራ። ስለ መኪኖቹ ንገራቸው። ተሳቢው ስንት ጎማ እንዳለው፣ የትኛው አገር ጭቃ ለማጠብ እንደሚያስቸግር፣ ሾፌሮቹ ከየት እንደሚመጡ። ይጠይቁሃል፣ አያቆሙም፤ አባትህን አታውቃቸውም እንዴ? ለባሕሩም ቢሆን አብዱሰላምን ለምኜዋለሁ፤ አንድ ቀን በመኪናው አድርሶ ይመልስሃል። ሂድና እጅህን ንከርበት። ያየኸውን ብቻ ንገራቸው፤ ሞቆም ከሆነ ሞቋል በል፣ የኛን እርሻ ግን ለማህሌት ተውላት።

በል እንግዲህ ሰላምታ ላድርስና ላብቃ። እማዬ ጉንጭህን ስማሃለች፤ ዱዓዋ እንዳልተለየህ ንገሪው፣ ዓሣዎቹም ተመለሱ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ ብላለች፤ እኔ ምን እንደምመልስላት አላውቅም። ሒክማ ሰላም ብላሃለች፤ በክፍሏ ስንተኛ እንደወጣች እሷ ራሷ ልትነግርህ ስለፈለገች አልጻፍኩትም። ታከለ ከነቤተሰቡ ሰላም ብሎሃል። ማህሌትም ባታውቅህም ሰላም በይልኝ ብላለች፤ እንደ እኔ ተናዳብህ ስለነበረ ሰላምታዋን እንደ ትልቅ ነገር ቁጠረው። አብረውህ ላሉት ልጆች፣ ላበሰለልህም ላጠበልህም ሁሉ የእኔን ሰላምታ አድርስልኝ።

የአባባን ሰላምታ ግን አልጻፍኩም። ሁሉም እቤት አለ፣ እሳቸው ብቻ የሉም፤ ታች ናቸው። ከቤታቸው ደጃፍ ቆመው ራሳቸው ይንገሩህ ብዬ ትቼዋለሁ።

እህትህ ሙሀባ ሳልህ

ቀወት፣ ሸዋ ሮቢት
ሐምሌ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.